«የመናዊ ትምህርት በኢትዞጵዛ»፦ የጀርመን ኪቦርድ ላይ ሊኑክስ ስጭን የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ፍራንክፈርት ያለችው አክስታችን ለታናሽ እህቴ ላፕቶፕ ላከችላት። ያገለገለ ቲንክፓድ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ ባትሪው እንደ ነገሩ፣ ሰውነቱ ግን ጠንካራ። እህቴ አማርኛ ትምህርት ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ትመረቃለች፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትተይብበት ነው። አብሮት የመጣው ዊንዶውስ በጀርመንኛ ነው፣ ተነስቶ እስኪከፈት ደግሞ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። ስለዚህ ይነቀልና ዴቢያን 13 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ይገባል፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው፣ ትሪክሲ የሚሉት። ዴስክቶፑ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ። 4 ጊጋ ላይ ከዚያ የከበደ ነገር መጫን ግፍ ነው።

ክዳኑን ከፍቼ ኪቦርዱን አየሁት። ከቲ ቀጥሎ ዋይ መኖር ሲገባው ዜድ ተቀምጧል፣ ዋይ ደግሞ ታች በግራ በኩል ኤክስ አጠገብ ወርዷል። ኮንትሮል የሚል ቁልፍ የለም፣ «ስትርግ» ይላል። በቀኝ በኩል ነጥብ ነጥብ ያናታቸው ኤ፣ ኦ እና ዩ ተደርድረዋል።

«ስትርግ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እህቴ።

«ኮንትሮል ነው፣ በጀርመንኛ።»

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልመዝግብ፣ በኋላ ያስፈልገኛል። እኔ ቁልፍ ሳላይ ነው የምተይበው። ጣቶቼ የአሜሪካውን አሰላለፍ ለምደዋል፣ ቁልፉ ላይ ምን ቢጻፍ ግድ የላቸውም። እሷ በሁለት ጣት፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው፣ እያንዳንዱን ፊደል በዓይኗ እየፈለገች ነው።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት ተኩል

ፍላሹን ሰካሁ፣ ኢንስቶለሩ፣ ማለትም ሲስተሙን የሚጭነው ፕሮግራም፣ ተነሳ። መጀመሪያ የሚጠይቀው ቋንቋ ነው። አማርኛ በዝርዝሩ አለ፣ ግን በግራፊክሱ ኢንስቶለር ከገባችሁ ነው የምታገኙት። እኔ እንግሊዝኛ መረጥኩ። ስህተት ሲመጣ መልእክቱን ገልብጬ የምፈልገው በእንግሊዝኛ ነው። ቀጥሎ አገር፤ ኢትዮጵያ አልኩት። እንግሊዝኛና ኢትዮጵያን አንድ ላይ የያዘ ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ስለሌለ «እንግዲያው ከነዚህ አንዱን ምረጥ» ብሎ ዝርዝር ያመጣል። የአሜሪካውን ሰጠሁት።

ሦስተኛው ጥያቄ ኪቦርድ ነው። ከኢስቶኒያና ከፊንላንድ መካከል «ኢትዮጵያን» የሚል አለ። ስሙ ያጓጓል። አማርኛ ለመጻፍ ይኼ ነዋ ትላለህ። እስቲ ብዬ መረጥኩት። ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ፦ በላቲንና በዚህ መካከል የምትቀያይርበት ቁልፍ የቱ ይሁን? አልት ከሺፍት ጋር ይላል አንዱ ምርጫ። ይህ ጥያቄ የሚመጣው በላቲን ያልሆነ ሌይአውት ስትመርጥ ነው። ፓስወርድም ትእዛዝም የሚጻፈው በላቲን ስለሆነ ኢንስቶለሩ የአሜሪካውን ከጎኑ ይደርብልሃል።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሌይአውት ማለት ሠንጠረዥ ነው። ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህ ቁምፊ ይውጣ፣ ከሺፍት ጋር ሲነካ ያኛው ይውጣ፣ አለቀ። የኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ስታባዛው 231 ነው፣ ሏንና ቧን የመሳሰሉትን ሳትቆጥር። የአውሮፓ ኪቦርድ ላይ ቁምፊ የሚያወጡት ቁልፎች 48 ናቸው፣ ሺፍትን ጨምረህ 96። የፊደል ገበታው በዚህ ሠንጠረዥ አይበቃም። አማርኛ ሁለት ቁልፍ ተከታትለው ሲነኩ ሰምቶ አንድ ፊደል የሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የሚገባው ሲስተሙ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ነው። ኢንስቶለሩ የሚጠይቀው «በምን ቋንቋ ትጽፋለህ» ሳይሆን «ይህ ቁልፍ ሲነካ ምን ይውጣ» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ መንታ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ተመለስኩና የአሜሪካውን መረጥኩ። ጣቴ የለመደውን። የሳምንቱ ጣጣ ሁሉ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፣ ያኔ ግን በራሴ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት

የዴቢያን ኢንስቶለር «እስቲ ጻፍና ሞክር» የሚል ሳጥን አይሰጥም። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ይሰጣል። ዴቢያን ላይ መሞከሪያው የኮምፒውተሩን ስም የሚጠይቀው ቦታ ነው፣ ያሻህን ትጽፍና ታጠፋለህ። ፓስወርድ ሲጠይቅም ከሥሩ «በግልጽ አሳይ» የምትል ሳጥን አለች። እሷን ሳይነኩ አለማለፍ ነው።

ዲስኩን በኢንክሪፕሽን ቆለፍኩት። ካምፓስ ውስጥ ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ቢሰረቅ ጽሑፏና ፎቶዋ ሰው እጅ አይግባ ብዬ። ረዘም ያለ ፓስወርድ አወጣሁ፣ አንድ ዜድና ሁለት ሰረዝ ያለበት። ሳጥኗን ነክቼ አየሁት፣ ልክ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ለእህቴ ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

አለቀ። ዋይፋዩ ሠራ፣ ድምፁ ሠራ። እህቴ ተቀመጠችና ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል የአት ምልክቷ ጠፋች። ኪው ቁልፍ ላይ በጥግ ተስላለች፣ ብትጫን ግን ኪው ነው የሚወጣው። በአሜሪካው አሰላለፍ አት ያለችው ሺፍትና 2 ላይ ነዋ። «2ን ከሺፍት ጋር ንኪ» አልኳት። 2 ላይ የተሳለው ጥቅስ ነው። በጥርጣሬ አየችኝ። አክስታችን የላከችላትን ዕቃ የሰበርኩባት ይመስል።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ዛሬ አማርኛ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቼ ያን ቁልፍ ሰምቶ ፊደል የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ አይባስን፣ አማርኛ የሚያስችለውን ተጨማሪ አይባስ-ኤም17ኤንን እና ኤስአይኤል የሚባለው ድርጅት የሠራውን አቢሲኒካ ፎንት ጫንኩ። ኤም17ኤን የሚለው መልቲሊንጉዋላይዜሽን የሚባለውን ረጅም ቃል ለማሳጠር ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኤምና በኤን መካከል 17 ፊደል ስላለ። ከዚያ ኢም-ኮንፊግ በሚባለው አይባስ እንዲነሳ አዘዝኩ። ወጥተህ ካልገባህ ምንም አይታይም፣ ይህን ረስቼ 20 ደቂቃ አቃጥያለሁ። ገብቼ የአይባስን ማስተካከያ ከፈትኩ፣ አማርኛ የሚለውን ስነካ ከሥሩ «ሴራ» የሚል መጣ።

አዎ፣ ስሙ ሴራ ነው። ግን ሴራ የለበትም። ፊደላችን ገና ዩኒኮድ ሳይገባ፣ ማለትም ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ሰዎች አማርኛን በኢሜይል በላቲን ፊደል እንዲላላኩ የተበጀ ሥርዓት ነው። እንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር ሴራ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ኤልን ስትነካ ል ይወጣል፣ ቀጥለህ ዩን ብትነካ ያው ል ዓይንህ እያየ ሉ ይሆናል፣ ኦን ብትነካ ሎ። ሽ በኤክስ፣ ች በሲ፣ ቅ በኪው። ጥ፣ ጭና ጽ ከሺፍት ጋር ናቸው፤ ጥ በቲ፣ ጭ በሲ፣ ጽ በኤስ። ሁለት ነጥብ አንዴ ስትነካ ፡ ይሰጥሃል፣ ሁለቴ ስትነካ አራት ነጥብ። ሱፐርን (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ) ከስፔስ ጋር ስትነካ ወደ አማርኛ፣ ደግመህ ስትነካ ወደ ላቲን። ኪማን የሚባል ሌላ የመተየቢያ ፕሮግራምም አለ፣ እሱም ሊኑክስ ላይ የሚሠራው በአይባስ በኩል ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ቀን ይኼኛው ይበቃል አልኩ።

«በይ ርእስሽን ጻፊ» አልኳት።

ጽሑፏ ስለ ዘመናዊ ትምህርት ነው። በሁለት ጣቷ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እየፈለገች፣ አንዲትም ሳትሳሳት ተየበች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ይኸው፦

«የመናዊ ትምህርት በኢትዞጵዛ»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «እኔ ዜድን ነው የነካሁት፣ እየው!» አለች ጣቷን ቁልፉ ላይ ተክላ። ልክ ናት። ዜድ የተጻፈበትን ቁልፍ ነካች፣ ሲስተሙ ግን የአሜሪካውን ሠንጠረዥ ስለሰጠሁት ያን ቁልፍ ዋይ ነው የሚለው። ሴራ ደግሞ ዋይን ይ፣ ዜድን ዝ ያደርጋል። ዘመን የመን ሆነች፣ ኢትዮጵያም ኢትዞጵዛ። አራት ነጥብ ለማግኘትም ነጥብ ያናቱን ኦ ከሺፍት ጋር ሁለቴ መንካት ነበረባት፣ የአሜሪካው ሁለት ነጥብ እዚያ ነው ያለው። እኔ እነዚህን አንዳቸውንም አላየሁም፣ ቁልፍ አላይማ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እሷ የአሜሪካውን ትልመድ፣ ወይ ስቲከር እንለጥፍ ነው። ዜድንና ዋይን ፈልቅቆ ማቀያየርም ይቻላል፣ ግን የላፕቶፕ ቁልፍ ሥሩ ያለችው ፕላስቲክ ቀጭን ናት፣ ከተሰበረች ሌላ ጣጣ ነው። ሌላው መንገድ ሠንጠረዡን ቁልፎቹ ላይ ከተጻፈው ጋር ማስማማት። የምትተይበው እሷ ናት። ጀርመንኛ ይሁን።

(ከፈረንሳይ ወይ ከቤልጂየም ላፕቶፕ የሚመጣላችሁ ደግሞ ከኛ ይብስባችኋል። እነሱ ጋ ኤና ኪው፣ ደብሊውና ዜድ ተቀያይረዋል፣ ቁጥር ለመጻፍ ሺፍት ያስፈልጋል። ከዓረብ አገር የሚመጡት ብዙዎቹ ላቲኑም ዓረብኛውም አብሮ ስለታተመባቸው በዚህ በኩል ሰላም ናቸው።)

የሲስተሙ ማስተካከያዎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚባለው ፎልደር፣ ኪቦርድ የሚል አጭር ፋይል አለ። ኢንስቶለሩ ያቺን ሦስተኛ ጥያቄ ስትመልስ መልስህን የሚጽፈው እዚያ ነው። ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር በሚባለው ትእዛዝ በሥርዓቱ መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ቸኩዬ ናኖ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ከፈትኩትና ዩኤስ የሚለውን አጥፍቼ ዲኢ ጻፍኩ። ሪስታርት።

መግቢያው ላይ ጀርመንኛ ነው። ዴስክቶፑ ሲከፈት ግን ተመልሶ አሜሪካ! አይባስ ዝርዝሩ ላይ የአሜሪካን እንግሊዝኛ ይዞ ነበር፣ በተነሳ ቁጥር ሌይአውቱን ወደዚያ ይመልሰዋል። ስሙ አይባስ፣ ነገሩ ግን ባሰ። መፍትሔው ማስተካከያው ውስጥ፣ የመጨረሻው ትር ላይ፣ «የሲስተሙን ሌይአውት ተጠቀም» የምትለዋን መምረጥ ነው። አንዲት ምልክት። ከዚያ ወዲህ አልነካካም።

ለራሴም አስቤ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ጀርመንኛውን አስቀድሜ የአሜሪካውን ደርቤ፣ በአልት ሺፍት እንዲቀያየር አደረግሁ። አሁን አልት ሺፍት አገር ይቀይራል፣ ሱፐር ስፔስ ቋንቋ ይቀይራል፣ ሁለቱ ሲደባለቁ አራት ዓይነት ሁኔታ አለ። እህቴ 10 ደቂቃ ሳይሞላ የት እንዳለች ጠፋባት። የአሜሪካውን አወጣሁት።

«ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ» ተብሎ ተጻፈ። እልል።

እሑድ ማታ

ላፕቶፑን አጥፍታ ስታበራው የዲስኩን ፓስወርድ እምቢ አላት። ሦስቴ ሞከረች። ተነስቼ መጣሁና አንዴ ተየብኩ፣ ተከፈተ። «እያየሽ ጻፊ» አልኳት። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። እየሳተች ነው ብዬ ደመደምኩ። ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ፊደሉ አይታይ፣ እሷም ማስረጃ የላት። ረቡዕ እንደውም «ትንሽ ትኩረት» ብያታለሁ። ይህን እዚህ የምጽፈው ለቅጣት ነው።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ አፕዴት አደረግሁላት፣ አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ገባ። ሪስታርት። ፓስወርዱን ተየብኩ። እምቢ። ቀስ ብዬ ደገምኩ። እምቢ። ሦስተኛውንም አልቀበልም ብሎ ሙከራህ አልቋል የሚል መልእክት ጻፈ። ላብ አጠመቀኝ። የጽሑፏ አንድ ምዕራፍ እዚያ ዲስክ ላይ ነው፣ ፍላሽ ላይ አልገለበጥንም። ካፕስ ሎክ አየሁ፣ ጠፍቷል። አጥፍቼ አበራሁ፣ ደግሞ እምቢ።

እህቴ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «እስቲ ልሞክር» አለች። ምን ቢቸግር ነው ብዬ ተነሳሁላት። በሁለት ጣቷ፣ እያየች፣ እየለቀመች ጻፈች። ተከፈተ።

ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ቢያንስ «ትንሽ ትኩረት» ብትለኝ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲስኩ ፓስወርድ የሚጠየቀው ዋናው ሲስተም ሳይነሳ ነው፣ ዲስኩ ገና አልተከፈተማ። ያን ጊዜ የሚሠራው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጥቅል ሲስተም ነው፣ ካልተቆለፈው የዲስኩ ክፍል የሚነሳ። የኪቦርዱ ሠንጠረዥም አንድ ቅጂ በጥቅሉ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። እኔ እሑድ በናኖ የቀየርኩት ዋናውን ፋይል ነው፣ ጥቅሉ አልተነካም። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ዴስክቶፑ ጀርመን፣ የዲስኩ በር አሜሪካ ነበር። እሷ የተጻፈውን ዜድ ስትነካ ለበሩ ዋይ ይደርሰዋል፣ ሰረዝ ብላ ስትነካ ዘንበል ያለ መስመር ይደርሰዋል። ልትከፍተው አትችልም ነበር። ሐሙስ አዲሱ ከርነል ሲገባ ጥቅሉ እንደገና ታሸገ፣ የኔን የናኖ ለውጥ ይዞ። በሩም ጀርመን ሆነ። ያኔ ደግሞ እኔ ውጭ ቀረሁ። ሰረዝ ብዬ የነካሁት ሁሉ ኤስሴት፣ ያቺ ቤታን የምትመስለው የጀርመን ፊደል፣ እየሆነ ነበር።

በናኖ ስትቀይር ከኋላው አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ የሚለውን በዩ አማራጩ ማስከተል ነበረብኝ። አንድ መስመር ትእዛዝ። ያን ባደርግ እሑድ ማታውኑ ይታወቀኝ ነበር፣ አራት ቀን ሙሉ ልጅቷን ባልወቀስኩ።

ዓርብ ማታ

መጀመሪያ ጽሑፏን ፍላሽ ላይ ገለበጥን።

ከዚያ ፓስወርዱን መቀየር። ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ መቆለፊያ የተቆለፈ ዲስክ አንድ ቁልፍ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ የአሁኑ ሉክስ 2 እስከ 32 ቦታ አለው። ስለዚህ አሮጌውን ሳታወጣ አዲሱን ትጨምራለህ፣ መክፈቱን ትሞክራለህ፣ ከዚያ አሮጌውን ትሰርዛለህ። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ። አዲሱን ፓስወርድ ያወጣሁት በአሜሪካውም በጀርመኑም ቦታቸውን ከማይለቁ ቁልፎች ነው፤ ዋይና ዜድ የሌሉበት ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ስፔስ። አራት ቃል በስፔስ ተለያይቶ። የፈረንሳዩ ቢመጣ ኤንም ኪውንም ደብሊውንም ኤምንም መተው ይኖርብሃል፣ ቁጥሩንም፣ ነጥቡንም። ያኔ ፓስወርድ ማውጣት እንቆቅልሽ ይሆናል።

አጥፍተን አበራን። እኔ ሳላይ ከፈትኩ። አጥፍተን አበራን። እሷ እያየች ከፈተች። ሦስተኛ ዙር በአሮጌው ሞከርን፣ እምቢ አለ። ደስ የሚል እምቢታ ነው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሥራው አልቋል፣ ይኼ ትርፍ ነው። ዴስክቶፑ በሌለበት፣ ኮንትሮል (ይቅርታ፣ ስትርግ)፣ አልትና ኤፍ3 ተነክተው በሚመጣው ጥቁር ስክሪን ላይ የእህቴ ፋይሎች ስም ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። የዚያን ስክሪን ማስተካከያ፣ ኮንሶል-ሴታፕን፣ ሪኮንፊገር ሳደርግ ከፊደላት ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮፒክ» አየሁ። ፎንቶቹም ከነስማቸው ተቀምጠዋል፤ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ። ያ ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው፣ ቻይንኛ እዚያ አይታሰብም፣ የኛ ፊደል ግን ከላቲኑ ጋር ተጣቦ ይገባል። ጎሃን መረጥኩ፣ ሳጥኖቹ ሄዱ፣ «ምዕራፍ ሁለት» የሚለው ስም በነጭ ጥቁሩ ላይ ብቅ አለ። አይባስ እዚያ የለምና መጻፍ አይቻልም፣ ማንበብ ብቻ። ግን በዚያ ጠባብ ቦታ አማርኛ ማየት ደስ ይላል። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እሺ፣ ጎበዝ» አለችና ሄደች።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፣ ፕሪንተሩን ማስገባት። ተርሚናል ከፍቼ ትእዛዙን ስጽፍ ሰረዙ ላይ ደረስኩ። ኤስሴት ወጣ። አጠፋሁት። ደግሞ ኤስሴት። ሰረዙን በዓይኔ ፈልጌ አገኘሁት፣ ቀጥሎ ዘንበል ያለውን መስመር ፈለግሁ፣ እሱ 7 ላይ ነው፣ ከሺፍት ጋር።

«ተነስ እስቲ» አለች ከኋላዬ። «አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ወንበሩን ለቀቅሁላት። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትለቅማለች።